ወለድ ተቀነሰ፣ ዶላር ግን ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅ ነኝ። ቀን ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ስልኬ ላይ በልምምድ አካውንት ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) እሞክራለሁ። ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲቀንስ ጓደኞቼ «ዶላር ይወድቃል፣ ዩሮ ግዛ» አሉኝ። ገዛሁ። ዶላር ጭራሽ ጨመረ! እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእኛ ብሔራዊ ባንክ ወለድ ቢነካስ ብር እንዲሁ ይሆናል?

መልስ፦ አቦ፣ ጓደኞችህ ዜናውን አልተሳሳቱም። ፌድ፣ ማለትም የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ በዚያ ምሽት ወለዱን በ0.25 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ ከ4.25 እስከ 4.50 በመቶ አድርጎታል። ግን ይህን ያልጠበቀ ማን ነበር? ገበያው «ይቀንሳል» ብሎ አስቀድሞ ጨርሷል። በዚህ ምክንያት ዶላር የሚሸጠውም ቀድሞ ሸጧል።

የሱቅ ሰው ስለሆንክ ይህ አይጠፋህም። «አራት መኪና ቴሌቪዥን ከጅቡቲ ተነስቷል» ከተባለ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ዋጋው የሚወርደው ወሬው የተሰማ ዕለት ነው፤ ዕቃው እስኪራገፍ ማንም አይጠብቅም። ሁለት መኪና ብቻ ቢደርስስ? ዕቃ ገብቶም ዋጋው መልሶ ይወጣል።

የዚያን ምሽትም ሁለት መኪና ነው የደረሰው። ከውሳኔው ጋር የፌድ ኃላፊዎች ወለዱ ወደፊት የት ይደርሳል ብለው የሚገምቱበት ሠንጠረዥ አብሮ ወጣ። ከሦስት ወር በፊት በፈረንጆቹ 2025 አራት ጊዜ ያህል ለመቀነስ አስበው ነበር። በዚያ ምሽት ግን ሁለት አሉ። የአሜሪካ ወለድ ከታሰበው በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል ማለት ነበር፤ ገንዘብ ደግሞ የተሻለ ወለድ ወዳለበት ይሄዳል። ዶላር በሁለት ዓመት ውስጥ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ።

ተቃራኒውም ሆኗል። በፈረንጆቹ 2022 መስከረም መጨረሻ ዶላር ጣሪያ ሲነካ የፌድ ወለድ ገና ከ3 እስከ 3.25 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወለዱ እየወጣ በ2023 ሐምሌ ከ5.25 እስከ 5.50 ደረሰ። ዶላር ግን በዚያው ጊዜ ወረደ! ገበያው የጭማሪውን ማብቂያ አስቀድሞ ማየት ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ «ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» የሚለውን ተወውና «ከተጠበቀው ምን ያህል ራቀ?» በል። ለዶላርና ለዩሮ እኔ የማየው የአሜሪካንና የዩሮ ተጠቃሚዋን የጀርመንን የሁለት ዓመት ቦንድ (የመንግሥት የብድር ሰነድ) ወለድ ልዩነት ነው። የገበያው ግምት እዚያ ላይ ይነበባል። ውሳኔው በእኛ ሰዓት በክረምታቸው ምሽት 4፣ በበጋቸው ምሽት 3 ሰዓት ይወጣል። ሊቀመንበሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይናገራል፤ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገለበጣል። ውሳኔው በሚወጣባት ደቂቃ የመግዣና የመሸጫው ልዩነት ስለሚሰፋ ስቶፕ ሎስህ (ኪሳራህን ለመገደብ አስቀድመህ የምትሰጠው የመዝጊያ ትዕዛዝ) ካሰብከው በከፋ ዋጋ ሊዘጋብህ ይችላል። የልምምድ አካውንት ደግሞ ይህን ሁልጊዜ በትክክል አያሳይህም።

በልምምድ መሆኑን ግን ወድጄዋለሁ። ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ዶላር ለውጭ ደላላ መላክ ሌላ ጣጣ ነው። በቴሌግራም «እኔ ልነግድልህ» የሚልህንማ ዝጋው።

ወደ ብር ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስተዋወቀ፤ በዚያው ወር 22 ቀን ደግሞ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሆኖም የውጭ ባለሀብት እንደ ልቡ ገብቶ፣ የብር ቦንድ ገዝቶ የሚወጣበት በር ሰፊ አይደለም። ስለዚህ የወለድ ግምት ብርን እንደ ዩሮ አያወዛውዘውም። ብርን ይበልጥ የሚነካው የቡና ሽያጭ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ፣ ብድርና የዶላር ጨረታ ነው። እዚሁ ድሬ ከዚራ በባንክ ምንዛሪ መስኮት ስሠራ ደንበኛው የሚጠይቀኝ «ዶላር አለ?» ብሎ ነበር፤ ስለ ወለድ የጠየቀኝ ትዝ አይለኝም።

የጅቡቲ ፍራንክ የምትይዙ ግን ፌድን ብትሰሙ ይበጃል። ፍራንኩ ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። አንተ ዩሮ ገዝተህ ስታዝን፣ ከፈረንሳይ ዕቃ በዩሮ የሚያስመጣ የጅቡቲ ነጋዴ ፍራንኩ ጠንክሮለት አደረ።