ባዮሎጂ እወዳለሁ፣ ሐኪም መሆን ግን አልፈልግም

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ። ባዮሎጂ ትወጃለሽ። የደም ሕዋስና የሆርሞን ትምህርት ግን ሸምድደሽው በሳምንቱ ይጠፋብሻል። ሐኪም መሆን አትፈልጊም፤ ቤተሰብሽ ደግሞ «ሜዲስን ካልሆነ ባዮሎጂ ምን ያደርጋል?» ይሉሻል።

አብሽሪ። እኔ የምመክርሽ የሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ነው። ምደባው የትም ሊወስድሽ ቢችልም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ላይ ያስተምረዋል።

የሚጠፋብሽ ስሞቹን ለየብቻ ስለምትሸመድጃቸው ነው። አንዱን ሕዋስ ይዘሽ «ለምን?» እያልሽ ተከተይው። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኑክሊየሱን፣ ማለትም የሕዋሱን መመሪያ የያዘውን እምብርት፣ ይጥላል፤ ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቦታ ይለቃል። ኑክሊየስ ስለሌለው ግን ራሱን መጠገን አይችልም። 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያልቃል። የአጥንት መቅኔ ሌላ ይተካል። ማን ያዘዋል? ኩላሊት! ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ደሴ ወጥተሽ ብትኖሪ አየሩ ይሳሳል፤ ኩላሊትሽም ትእዛዙን ይጨምራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደም የሚያንሰው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንግባ። የስኳር ሕመምተኛ ጾሞ ሲለካ የሚታየው የዚያች ሰዓት ስኳር ነው። ኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው የደም ምርመራ ግን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያሳያል። ስኳር ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቅና ሕዋሱ እስኪሞት አይለቅም። ያቺ 120 ቀን እዚህ መጣች! በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ከሆነ ሕዋሳቱ ገና አዲስ ናቸው፤ ውጤቱ ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል። ማሽኑ ቁጥሩን ብቻ ያወጣል። ይህን የሚጠረጥረው ባዮሎጂውን የገባው ባለሙያ ነው። ለቤተሰብሽም ይህንኑ ንገሪያቸው።

ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአንዱ ደም በሌላው ስም ከተጻፈ ሰው ይጎዳል። የሌሊት ተራም አለ። ስትመረቂ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያም የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቅሻል።

ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ አጽፊና አንድ የሆስፒታል ላብራቶሪ እንዲያስጎበኙሽ ጠይቂ። ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮስኮፕ እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። ደም ማየት ከከበደሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ፋርማሲ እናወራለን።