ሊንኩን የከፈተው ደንበኛ ነው ወይስ ማሽን?

በዚህ ወር ከሐዋሳ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ነጋዴው ለደንበኞቹ በስልክ ማስታወቂያ ይልካል፤ መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ ማን እንደከፈተ ግን በትክክል የሚነግረው የለም። ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ፒያሳ አካባቢ የልብስ መደብር አለኝ። ለፍቼ ጨምበላላ የገባውን ዕቃ የሚያሳይ ሊንክ ለ300 ደንበኞቼ በአጭር መልእክት ላክሁ፤ ያንኑ ሊንክ ቴሌግራም ቻናሌ ላይም ለጠፍሁት። ሊንክ ማሳጠሪያው 412 ጊዜ ተከፍቷል ይለኛል። ሱቅ የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቁጥሩን ልመነው? ማን እንደከፈተስ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ማሳጠሪያው የቆጠረልዎት አድራሻው ስንት ጊዜ እንደተጠራ ነው። በ412ቱ ውስጥ ሰውም ማሽንም ተደባልቋል። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ሲለጥፉ ከሥሩ ፎቶና ርዕስ የያዘ ሳጥን ብቅ የሚለው የቴሌግራም ሰርቨር ቀድሞ ገጹን ከፍቶ ስላነበበው ነው። ፌስቡክም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዋትስአፕ ደግሞ ገጹን ከላኪው ስልክ ሆኖ ቀድሞ ያነባል። ይህ ሁሉ ማሳጠሪያው ዘንድ እንደ አንድ አንድ ክሊክ ሊያዝ ይችላል። በዚያ ላይ ዋጋውን ለማየት አራት ጊዜ የተመላለሰች ደንበኛ አራት ሆና ትቆጠራለች፤ መልእክቱን ለእህቷ ስታስተላልፍላትም የእህቷ መክፈት እዚያው ላይ ይደመራል።

ለሁሉም አንድ ሊንክ ከተላከ በኋላ ይህን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመላኩ በፊት ነው፦ ለ300 ደንበኛ 300 የተለያየ ሊንክ ያስፈልጋል። ለቻናሉ ደግሞ ሌላ አንድ ይዘጋጅለት፤ እዚያ ለያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መላክ ስለማይቻል ቢያንስ ከአጭር መልእክቱ ጋር አይቀላቀል።

ፕሮግራም የሚሠራልዎት ሰው የሚከተለውን ያድርግ። በራስዎ አጭር ዶሜይን ላይ፣ ከስሙ ቀጥሎ 7 የዘፈቀደ ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበት መለያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይፍጠር። በትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደላትና በአሃዝ ከተሠራ 7 ቦታ ከ3.5 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ስለሚሰጥ ገምቶ ማግኘት ከባድ ነው። መለያው 1፣ 2፣ 3 እያለ በተራ እንዲሄድ ግን ፈጽሞ አይፍቀዱ። አንዱ ደንበኛ ቁጥሩን ቀይሮ የሌላውን ሊንክ ሊከፍት ይችላል፤ ቆጠራውም ይበላሻል። የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ሊንኩ ውስጥ መክተት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ መልእክቱ በተላለፈ ቁጥር ቁጥሩም አብሮ ይዞራል።

ደንበኛዋ ሊንኩን ስትነካ ጥሪው መጀመሪያ ወደ እርስዎ ሰርቨር ይመጣል፤ ሰርቨሩ መለያውንና ሰዓቱን መዝግቦ ወዲያው ወደ ዕቃው ገጽ ያሻግራታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማሻገሪያው ኮድ ነው። 301 ከተጠቀሙ ብሮውዘሩ «ይህ አድራሻ ለዘለቄታው ተዛውሯል» ብሎ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በእርስዎ ሰርቨር ሳያልፍ በቀጥታ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ክሊክም አይመዘገብም። «ለጊዜው ተዛውሯል» የሚለው 302 ይሁን፤ ምላሹ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ትእዛዝም ይጨመርበት።

ማሽኖቹን ለማውጣት እያንዳንዱ ጥሪ ይዞት የሚመጣውን የፕሮግራም ስም ማየት ይረዳል። የቴሌግራሙ «ቴሌግራምቦት»፣ የሜታው (የፌስቡክና የዋትስአፕ ባለቤት) «ፌስቡክኤክስተርናልሂት» እያለ ራሱን ያስተዋውቃል። የገጹን ይዘት ሳይጠይቅ ራስጌውን (ከይዘቱ በፊት የሚመጣውን መግለጫ) ብቻ የሚጠይቅ ጥሪም ክሊክ ተብሎ አይያዝ። መዝገቡን ግን አይሰርዙት፤ «ማሽን» የሚል ምልክት ብቻ ይደረግበት። ማጣሪያው ተሳስቶ ቢገኝ ተመልሶ ማየት የሚቻለው መዝገቡ ካለ ነው።

አንዳንዶች ሰውን ከሰው ለመለየት የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይቆጥራሉ። የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ይህ አይሠራም፤ ብዙ ደንበኛ በአንድ የጋራ አይፒ ስለሚወጣ ሃያ ሰው አንድ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የሚቆጠረው መለያው ነው፦ ስንት መለያ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰው ተከፈተ? የእርስዎ እውነተኛ ቁጥር ይህ ነው፤ ከ300 ሊበልጥም አይችልም።

ጥያቄ፦ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው፤ ለአንድ ሆቴል የዋትስአፕ ማስታወቂያ መላኪያ እየሠራሁ ነው። ሦስት ችግር አለብኝ። ዌብሁኩ በእንግሊዝኛ ሲሞከር ይሠራል፣ እንግዶች በአማርኛ ሲመልሱ ግን ፊርማው አይመሳሰልም። አንዳንዱ ክስተት ሁለት ጊዜ ይመጣል። «ክፍል ይያዙ» የሚለውን የሊንክ አዝራር የነኩት ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።

መልስ፦ ለሌሎች አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ዌብሁክ ማለት መልእክት አቅራቢው አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር እርስዎ ያስመዘገቡትን አድራሻ እየጠራ የሚያሳውቅበት መንገድ ነው። «ደረሰ ወይ?» እያሉ ደጋግመው አይጠይቁም፤ ሲደርስ ይነገርዎታል።

ከመጨረሻው ችግር እንነሳ፤ ብዙ ቀን የሚያባክነው እሱ ነው። እርስዎ ጋ የተበላሸ ነገር የለም። ዋትስአፕ መልእክቱ መላኩን፣ መድረሱን፣ መነበቡንና አለመሳካቱን ያሳውቃል፤ የሊንክ አዝራር መነካቱን ግን በዌብሁክ አይልክም። አዝራሩ በእንግዳው ስልክ ላይ ብሮውዘር ይከፍታል፣ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ስለዚህ ክሊኩን የሚይዘው ከላይ ለልብስ መደብሯ ባለቤት የገለጽነው ማሻገሪያ ነው። ቴምፕሌቱ (አስቀድሞ የሚጸድቀው የመልእክት ቅርጽ) ላይ የአዝራሩ አድራሻ መጨረሻው ተለዋዋጭ እንዲሆን ያስመዝግቡ፤ ሲልኩ የእያንዳንዱን እንግዳ መለያ እዚያ ቦታ ያስገቡ። ተለዋዋጩ የሚፈቀደው በአድራሻው መጨረሻ ላይ ብቻ መሆኑን አይርሱ።

የዌብሁኩንና የማሻገሪያውን ወሬ የሚያገናኘው ክር ደግሞ የመልእክቱ መለያ ነው። ሲልኩ ኤፒአዩ (ፕሮግራምዎ ከዋትስአፕ ጋር የሚነጋገርበት በር) የሚመልስልዎትን መለያ ሊንኩ ውስጥ ካለው መለያ ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀምጡ። ዌብሁኩ በመጀመሪያው፣ ማሻገሪያው በሁለተኛው መለያ ይመጣሉ፤ ረድፉ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ሳያስቀምጡ የላኩትን ዘመቻ በኋላ ማገናኘት አይቻልም።

በነገራችን ላይ፣ እንግዳው ወደ ድረ ገጽ መሄዱ የግድ ካልሆነ በሊንክ አዝራሩ ፈንታ የፈጣን መልስ አዝራር ያድርጉ። እሱ ሲነካ እንደ እንግዳው መልእክት ሆኖ በዌብሁክ ይደርስዎታል፤ የ24 ሰዓት የንግግር በርም ይከፍታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ቴምፕሌት መጻጻፍ ይችላሉ። «አዎ፣ ክፍል እፈልጋለሁ» ብሎ ለነካ ሰው ወዲያው ዋጋና ፎቶ መላክ ለሆቴል ሥራ ከሊንኩ ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ወደ ፊርማው። ሜታ የሚልከውን ይዘት በመተግበሪያዎ ምስጢር ኤችማክ ሻ-256 በሚባለው የፊርማ ስሌት አስልቶ ፊርማውን በራስጌው ላይ ያስቀምጣል። ሲፈርም ግን የአማርኛው ፊደል በቀጥታ አይገባም፤ «ሀ» ለምሳሌ 1200 በሚለው የዩኒኮድ ቁጥሯ ተጽፋ ነው የምትሄደው። የእርስዎ ፍሬምወርክ ይዘቱን ቀድሞ ወደ ጄሶን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) ከፈታውና እርስዎ መልሰው ወደ ጽሑፍ ከቀየሩት ቁጥሩ ፊደል ይሆናል። ባይቶቹ ተለወጡ ማለት ነው፤ ፊርማውም ይለያያል። እንግሊዝኛው ሲፈታም ሲገጣጠምም ብዙ ጊዜ ያው ስለሆነ ሙከራው ያልፋል። መፍትሔው ማንኛውም ነገር ሳይነካው ጥሬውን ይዘት ይዞ ማስላት፣ መፍታቱን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው።

ክስተት ሁለት ጊዜ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። አቅራቢው ከእርስዎ የ200 (ማለትም «ደርሶኛል» የሚል) ምላሽ በጊዜው ካላገኘ አልደረሰም ብሎ ይደግማል። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዌብሁኩ ውስጥ ረጅም ሥራ ሲሠራ ነው፤ ኢሜይል ይላካል፣ ሪፖርት ይሰላል፣ ምላሹ ይዘገያል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ፊርማ ማረጋገጥ፣ ጥሬውን ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ፣ 200 መመለስ። የቀረው ሥራ ሁሉ ከኋላ በወረፋ ይሠራ። ሰንጠረዡ ላይ የመልእክቱ መለያና የክስተቱ ዓይነት በአንድነት እንዳይደገሙ ገደብ ያድርጉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል፣ እርስዎም 200 ይመልሱ። ለተደገመ ክስተት የስህተት ኮድ ከመለሱ እንደገና ይላካል።

ቅደም ተከተልንም አይመኑ፤ «ተነቧል» ከ«ደርሷል» ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አንድ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ ይዘው በመጣው ከመተካት ለእያንዳንዱ ሁኔታ የራሱን ሰዓት ይመዝግቡ። የንባብ ምልክቱን ያጠፋ እንግዳም አለ፤ ሳይነበብ ተከፈተ የሚል ረድፍ ቢያዩ ስህተት አይምሰልዎት።

አንድ ነገር እንጨምር። ዌብሁክ ተቀባዩን ሆቴሉ ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ አያድርጉት። መብራት በጠፋ ቁጥር ክስተቱ ደጅ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ የማሠልጠኛ ማዕከል አለን። አንድ መልእክት ልከን የሁለት እንከፍላለን። ለምን?

መልስ፦ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ ክፍተትና ነጥብ ይቆጠራሉ። 71 ሲሆን ይከፈላል፣ ያን ጊዜም እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ ሁለት ክፍል 134፣ ሦስት ክፍል 201። በላቲን ፊደል 160 ነው፤ ነገር ግን እዚያ ውስጥ አንዲት «።» ከገባች መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ይወርዳል።

ሊንኩ ምን ያህል እንደሚወስድ አስሉት። የመነሻው ኤችቲቲፒኤስ ከምልክቶቹ ጋር 8፣ ባለ 9 ሆሄ ዶሜይን፣ አንድ እዝባር (/)፣ 7 የመለያ ሆሄ፦ ድምሩ 25። ከፊቱ ክፍተት ሲጨመር ለአማርኛው 44 ይቀራል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በደንብ ይበቃዋል። መነሻውን ቆርጦ 8 ሆሄ ማትረፍ ያጓጓል፤ አንዳንድ ስልክ ግን ያለ እሱ ሊንክ መሆኑን አያውቅም፣ ደንበኛው የማይነካ ጽሑፍ ይደርሰዋል። ከሊንኩ መጨረሻ አጠገብ «።» አትለጥፉ፤ ስልኩ የአድራሻው አካል አድርጎ ሊወስዳት ይችላል። ሊንኩ መልእክቱን ቢዘጋ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ቦት ትእዛዝ እቀበላለሁ። የአዝራር ክሊክ እንዴት ይያዛል?

መልስ፦ እዚህም የሊንክ አዝራር ወሬ አይልክም፤ የመልስ ጥሪ አዝራር ግን ይልካል። አዝራሩ የሚሸከመው መረጃ እስከ 64 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ ከ21 ሆሄ አያልፍም። የዕቃውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ይክተቱ። ጥሪው ሲመጣ መቀበልዎን ለቴሌግራም ካልመለሱ አዝራሩ ደንበኛው ስልክ ላይ እየተሽከረከረ ይቆያል።

ሰዎች ወደ ቦቱ ከየት እንደመጡ ለማወቅ የማስጀመሪያ ሊንኩ ላይ እስከ 64 ሆሄ መለያ መጨመር ይቻላል፤ የላቲን ፊደል፣ አሃዝ፣ የግርጌና የመሃል ሰረዝ ብቻ ይቀበላል። ሰርቨርዎ ከወደቀ ቴሌግራም ያልደረሱትን ክስተቶች ከ24 ሰዓት በላይ አያቆያቸውም፤ ስለዚህ በወደቀ ዕለት ይነሣ። ምን ያህል እንደተከማቸና የመጨረሻው ስህተት ምን እንደነበር የዌብሁክ መረጃ መጠየቂያው ራሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ምን እንደከፈተ መመዝገብ በሕግ ይፈቀዳል?

መልስ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ስልክ ቁጥርና ከእሱ ጋር የተያያዘ የክሊክ መዝገብ የሰውየው የግል መረጃ ነው፤ ለመያዝ እንደ ፈቃድ ያለ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል። ቁጥሩን ሲቀበሉ «ማስታወቂያ እንልካለን፣ መክፈትዎንም እንመዘግባለን» ብለው ይንገሩትና የተስማማበትን ቀን ይያዙ። «አቁም» ያለውን በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ያውጡ። ዘመቻው ካለቀ በኋላ ድምሩን አስቀርቶ የየሰውን መዝገብ ማጥፋት ይሻላል፤ የሌለ መዝገብ አይሰረቅም።

ጥያቄ፦ ሪፖርቱ ደንበኞቼ በብዛት የሚከፍቱት 17፡00 ላይ ነው ይላል። ማስታወቂያውን ወደ 11 ሰዓት ላዙረው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። የዌብሁክ ሰዓት በአብዛኛው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ በ3 ይቀድማል። የዩቲሲ 17፡00 እዚህ 20፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ደንበኞችዎ የሚከፍቱት ከእራት ሰዓት ጀምሮ ነው ማለት ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ቢልኩ ሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ዳታቤዙ ላይ ዩቲሲውን እንዳለ ይተዉት፣ ሲታይ ብቻ ይቀየር። የዕለት ድምሩንም ያስተካክሉት፤ በዩቲሲ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ እስከዚያ ሰዓት የተከፈተው ሁሉ እሑድ መሆኑ ቀርቶ በቅዳሜ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።