4 ጊጋ ራም ላለው አሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

የጠየቅከኝ ባጭሩ ይሄ ነው። ላፕቶፕህ የ2013 ሥሪት ነው፤ ኮር አይ3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 2025 ላይ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማሽኑን አልቀበልም ብሏል። የምትሠራበት ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና አልፎ አልፎ ቪዲዮ ለማየት ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ልትጭን ነው። አንዱ ጓደኛህ አርች ጫን ይልሃል፣ ሌላው ካሊ፣ ሦስተኛው ኡቡንቱ፤ ሦስቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፣ ዲስትሮ ይባላሉ።

ካሊን ከወዲሁ እናውጣው። ለሴኪዩሪቲ ባለሙያዎች የተሠራ መፈተሻ ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለሊኑክስ አዲስ ለሆነ ሰው አይመክሩትም። ጓደኛህ መልኩ አምሮት ይሆናል። አርች መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ፣ ግን ከባዶ ተነስተህ ሁሉንም አንተው ነህ የምትገጣጥመው፤ አፕዴቱም እረፍት የለውም፣ አንዳንዴ አፕዴት ካደረግክ በኋላ የሆነ ነገር እምቢ ይላል፣ ያ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ አስቸኳይ ሥራ ያለብህ ቀን ነው።

ኡቡንቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሽኑን የሚያከብደው በአብዛኛው ዲስትሮው ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ነው፤ ሜኑውን፣ መስኮቶቹንና የታችኛውን ባር የሚያሳይህ ክፍል ማለቴ ነው። ዋናው ኡቡንቱ ይዞ የሚመጣው ጂኖምን ነው። ጂኖም ያምራል፣ ግን ራም ይወዳል። 4 ጊጋ ላይ ይነሳልሃል፤ ብራውዘር ከፍተህ ታብ ስታበዛ ግን ስታክ ማድረግ ይጀምራል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ መልኩ ትንሽ የድሮ ቢመስልም የሚበላው ራም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሊኑክስ ሚንትን ጫን፣ የኤክስኤፍሲኢ እትሙን። ሚንት ሲናሞንና ማቴ የሚባሉ ሌሎች እትሞችም ስላሉት ስታወርድ ስሙን አይተህ አውርድ። መሠረቱ ኡቡንቱ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ አብዛኛው ይሠራልሃል። 22ኛው እትም እስከ 2029 ድረስ የደህንነት አፕዴት ያገኛል። ራምህ 1 ጊጋ ብቻ ቢሆን አንቲኤክስ እልህ ነበር። ላፕቶፑ ገና ከካርቶን የወጣ ቢሆን ደግሞ ፌዶራ፣ ምክንያቱም አዲስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዝዘው የሲስተሙ እምብርት) ስለሚይዝ አዳዲስ ሃርድዌር ቶሎ ያውቃል።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ ቀይረው። ከልቤ ነው የምልህ፣ ለዚህ ማሽን ከየትኛውም ዲስትሮ ምርጫ በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ራም ሲሞላ ሲስተሙ የተረፈውን ዲስክ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ያንን እስኪያነብና እስኪጽፍ አንተ ማውዙን ይዘህ ትጠብቃለህ። 2.5 ኢንች ሳታ የሚለውን ግዛ፤ 240 ጊጋ ላንተ ሥራ ይበቃል። ከታች ስትከፍተው ባዶ የራም ቦታ ካገኘህ 4 ጊጋ ጨምርበት። ግን ነባሩ ራም ላይ ዲዲአር3 ወይስ ዲዲአር3ኤል እንደሚል አንብብና ያንኑ ዓይነት ግዛ።

ከመጫንህ በፊት ከፍላሽ አስነስተህ ሞክረው። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ዊንዶውስ ላይ ሆነህ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ታዘጋጀዋለህ። በፍላሽ ሲነሳ ይዘገያል፣ ፍጥነቱን በዚያ እንዳትለካው። የምታየው ዋይፋዩን ነው። ከዚያ ድምፅ፣ ታችፓድ፣ ክዳኑን ዘግተህ ስትከፍት በትክክል መንቃቱን። እኔ አንድ ጊዜ ሳልሞክር የሰው ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ ጫንኩ። ዋይፋዩ ጭራሽ የለም! ድራይቨሩን (የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ድራይቨሩ። ያወጣኝ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ ዳታዬን ማጋራት ነው። አንተም ከተቸገርክ እንደዚያ አድርግ።

ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ ይሄ አያከራክርም። ዊንዶውስን ከጎኑ ማቆየት ከፈለግክ ፋስት ስታርታፕ የሚለውን የዊንዶውስ ሴቲንግ አስቀድመህ አጥፋው፤ ካልሆነ ሊኑክስ የዊንዶውስ ፋይሎችህ ላይ መጻፍ ሊከለክልህ ይችላል። የዎርድ ፋይሎችህን ሊብሬኦፊስ ይከፍታቸዋል፣ ሠንጠረዥ የበዛባቸው ግን ትንሽ ሊዛነፉ ስለሚችሉ ሁለት ሦስቱን እዚያው ፍላሹ ላይ እያለህ ክፈትና እይ። ለአማርኛ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ትጭናለህ፤ በላቲን ኪቦርድ ድምፁን ስትመታ ፊደሉ ይወጣል።

ዋይፋዩ ፍላሹ ላይ እምቢ ካለህ የካርዱን ስምና ሞዴል ጽፈህ ላክልኝ፣ የሚያስፈልገውን ድራይቨር እነግርሃለሁ።