ድምፅ ሳይሰጥበት የጸደቀው አዋጅ

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ በ2023 የጡረታ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ስታሳድግ እንደራሴዎቹ ድምፅ አልሰጡበትም ይባላል። ታዲያ እንዴት ሕግ ሆነ? የሚቃወሙት ብዙ ከነበሩስ ለምን አልጣሉትም?

መልስ፦ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።) መሣሪያው የ1958ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድ ረቂቅ ላይ መንግሥታቸውን ያስይዛሉ፤ ክርክሩ እዚያው ይቆማል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአባላቱ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 58 ሰው፣ የፈረመበት የአለመተማመን ሐሳብ ካልቀረበ ረቂቁ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ከቀረበ ደግሞ 48 ሰዓት ሳይሞላ ድምፅ አይሰጥበትም።

ዋናው ነገር ያለው ቆጠራው ላይ ነው። የሚቆጠረው “መንግሥት ይውረድ” ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም፣ ከነጭራሹ ያልመጣም ለመንግሥት የቆመ ያህል ነው። ማርች 20 ቀን 2023 ተቃዋሚዎች 287 ድምፅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያገኙት 278 ነው። በ9 ድምፅ አመለጣቸው። ሕጉን የጠላ ሁሉ መንግሥት ይውደቅ አይልም፤ መንግሥት ከወደቀ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ሊበትኑት ይችላሉ፣ እንደራሴውም ለወንበሩ ይሳሳል።

ከ2008ቱ ማሻሻያ ወዲህ ይህ ሥልጣን ከበጀትና ከማኅበራዊ ዋስትና ፋይናንስ ውጭ በአንድ የምክር ቤት የሥራ ዓመት ለአንድ ረቂቅ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የኤሊዛቤት ቦርን መንግሥት ግን የጡረታውን ለውጥ የማኅበራዊ ዋስትና ፋይናንስ ማሻሻያ አድርጎ አቀረበው። በዚህም ገደቡን አለፈ፤ በዚያ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47-1 የጊዜ ገደብ አገኘ፦ ለብሔራዊ ምክር ቤቱ (የእንደራሴዎቹ የታችኛው ምክር ቤት) የመጀመሪያ ንባብ 20 ቀን፣ ለሴኔቱ (የላይኛው ምክር ቤት) 15፣ በጠቅላላው 50 ቀን። ተቃዋሚዎች 20,000 ያህል የማሻሻያ ሐሳብ አዥጎደጎዱና 20ው ቀን 64 ዓመት የሚለው የረቂቁ አንቀጽ 7 ላይ ሳይደረስ አለቀ። ሰዓቱ በመንግሥት እጅ ሳለ ክርክር ማንዛዛት፣ በእኛ እይታ፣ ለመንግሥት ሥራ ማቅለል ነበር። ሴኔቱ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም ኤፕሪል 14 እነዚህን ሥርዓቶች ደራርቦ መጠቀም ያልተለመደ ነው፣ ሕገ መንግሥቱን ግን አይጥስም አለ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ መንግሥት መቼም አይሸነፍማ?

መልስ፦ ይሸነፋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሼል ባርኒዬ ዲሴምበር 2 ቀን 2024 ያንኑ አንቀጽ በማኅበራዊ ዋስትና በጀት ላይ መዘዙት። ከሁለት ቀን በኋላ 288 በሚበቃበት 331 ድምፅ ተሰጥቶባቸው ወረዱ፤ ረቂቁም አብሮ ወደቀ። ከ1962 ወዲህ በዚህ መንገድ የወደቀ መንግሥት አልነበረም። ግራውና የማሪን ለ ፔን ቀኝ አክራሪ ቡድን አብረው ድምፅ መስጠታቸው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ ፕሬዚዳንት ማክሮን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ምክር ቤቱን በትነው ስለነበር፣ ከተከተለው ምርጫ አንድ ዓመት ሳይሞላ ደግመው መበተን አይችሉም ነበር። ስለዚህ እንደራሴው ለወንበሩ የሚሰጋበት ምክንያት አልነበረም።