ልጁ ራሱ በሌለበት የሚወጣ ዕቅድ

እህቴ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ15 ዓመት ልጅዎ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል መግባቱን ገልጸው፣ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት ማቀድ ያለብዎት አሁን ይሁን ወይስ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ጠይቀዋል። የእኔም ልጅ ተመሳሳይ ጉዳት ያለበትና ዛሬ 23 ዓመት የሞላው ስለሆነ ያየሁትን ላካፍልዎ። አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ሲጀምሩም ልጁ በሌለበት ምንም አይወስኑ።

እኛ ይህን አላደረግንም። ልጄ 11ኛ ክፍል ሳለ አባቱ፣ መምህራኑና እኔ ተሰብስበን ልብስ ስፌት እንዲማር ወሰንን፤ ምክንያታችንም ሙያው ለእርሱ መስማማቱ ሳይሆን ማሠልጠኛው ለቤታችን መቅረቡ ነበር። በሦስተኛው ወር አልሄድም አለ። ሰነፈ ብዬ ተቆጣሁት፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ያስጨንቀው እንደነበር ያወቅነው ቆይተን ነው፤ የሚያስቸግረውን ነገር እንዲናገር ከዚያ በፊት ማንም አላለማመደውም።

«ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ምንም ሥራ ላላየ ልጅ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በተለያዩ ቦታዎች እየሠራ እንዲሞክር አደረግን። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የተመለሱ መጻሕፍትን በቁጥራቸው ተራ መደርደር ሲጀምር፣ ሰዓቱ አልቆ ወደ ቤት እንሂድ ሲባል ቅር ይለው ጀመር። ዛሬ የሚሠራው እዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዲት ደጋፊ አብራው ትውል ነበር፤ እየለመደ ሲሄድ ቀስ በቀስ ራቀች። አስቀድሞ ሥራው ላይ ማሰማራት፣ ከዚያ እዚያው ማሠልጠን የሚባለው አካሄድ ይህ ነው። በአንድ ክፍል የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀም ለብዙዎቹ ልጆቻችን ከባድ በመሆኑ፣ ከማሠልጠኛ ክፍል ይልቅ የሥራ ቦታው ራሱ ይሻላቸዋል።

መጓጓዣውን አይናቁ። ልጄ ሥራውን ከመልመድ ይልቅ መንገዱን ለመልመድ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶበታል፤ የተለመደው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለብቻው ደጋግመን አለማመድነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሥራ መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 12 ግን ለእኛ ለወላጆች ከሁሉም በላይ የሚከብድ ይመስለኛል፤ የሚጠይቀን በልጁ ፋንታ እንድንወስን ሳይሆን እርሱ እንዲወስን እንድንደግፈው ነውና። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ባሉ ተቋማት ደግሞ ድጋፉ በአብዛኛው የሚገኘው ተማሪው ራሱ ሲጠይቅ ስለሆነ፣ ጉዳቱንና የሚያስፈልገውን ድጋፍ የሚገልጹ የግምገማ ሰነዶቹን ቅጂ ከወዲሁ ይያዙለት።

በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ልጅዎን ይዘው ይግቡ፤ የሚወደውን፣ የሚከብደውንና የሚረዳውን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አስቀድመው ቤት ውስጥ ያለማምዱት። መናገር የሚያስቸግረው ከሆነ በሥዕል ያሳይ።