ኤሌክትሮፎረሲሱ ኖርማል ቢልም አይዝጉት

እህቴ፣ የልጅሽ ዓይን ቢጫ እየሆነ፣ ደሙ እያነሰ፣ የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ዓይነቶችን በኤሌክትሪክ የሚለየው ምርመራ፣ ኤሌክትሮፎረሲሱ፣ ግን «ኖርማል» መባሉ ግራ ቢያጋባሽ አይገርምም። ቶሎ የሚፈርሱ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች በዚህ ምርመራ ሊያመልጡ ይችላሉ። ለምሳሌ ከእነዚህ አንዱን፣ ሄሞግሎቢን ኮልንን እንይ። ሄሞግሎቢንን ከሚሠሩት ሰንሰለቶች አንዱ በሆነው በቤታ ሰንሰለቱ 98ኛ ቦታ ላይ ቫሊን የተባለው የፕሮቲን መሥሪያ (አሚኖ አሲድ) ሜቲዮኒን በተባለ ሌላ ይተካል። ሄሞግሎቢኑ ይፈርስና ቀይ ሕዋሱ ውስጥ እንደ ነጠብጣብ ይዘቅጣል። ሄንዝ ቦዲ የሚሉት እሱን ነው፤ በማይክሮስኮፕ ለማየት ልዩ ቀለም ይፈልጋል።

«እኔም አባቱም ጤነኞች ነን፣ እንዴት በዘር ይሆናል?» ላልሽው፣ አንድ የተለወጠ ጂን ብቻ ይበቃል። ለውጡም ከልጁ ሊጀምር ይችላል። በፍጹም ራስሽን አትውቀሺ።

የደም ስፔሻሊስቱን የኢሶፕሮፓኖል (ሄሞግሎቢኑ ቶሎ የሚፈርስ መሆኑን የሚያሳይ) ወይም የጂን ምርመራ ጠይቂው። እስከዚያው ሳታማክሪ ሰልፋ (የአንቲባዮቲክ ዓይነት) ያለበት መድኃኒት እንዳትሰጪው። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።