ስለ ክረምቱ ዝውውር፦ መጀመሪያ የነባሮቹን ውል ጠይቁ

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ፋሲል ከነማ በዚህ ክረምት ማንን ይያዝ፣ ማንን ይልቀቅ ትላላችሁ? በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አዲስ ፈራሚ ሲመጣ እንፈነጥዛለን፤ ጥቅምት ላይ ግን ቡድኑ እርስ በርሱ አይተዋወቅም። ከድሮ ጀምሮ የምትከታተሉ ምን ታዘባችሁ?»

ከድሮ ጀምሮ ከተባለ እኔም አለሁበት። ዐፄዎቹን (ፋሲልን ማለቴ ነው) የምከታተለው ፕሪሚየር ሊግ ከመግባታቸው በፊት ጀምሮ ነው። 2008 ላይ ሲያድጉ ጎንደር እንዴት እንደሆነች ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው። የቸኮለ ይለፈኝ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ክረምት ላይ የክለቡ ትልቁ ሥራ የነባሮቹን ውል ማራዘም ነው። በረኛው፣ የመሀል ተከላካዮቹ፣ ተከላካይ አማካዩ፣ አጥቂው። እነዚህ ሳይፈርሙ የሚመጣ አዲስ ፈራሚ፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን፣ እኔን አያስጨፍረኝም። ፎቶው ይወጣል፣ ማልያውን ይዞ ይስቃል፣ እኛ ስር ስሩ «እንኳን ደህና መጣህ» እንላለን። የመሀል ተከላካያችን የት እንዳለ ግን ማንም አይጠይቅም። ሳምንት ቆይቶ የሌላ ክለብ ማልያ ለብሶ እናየዋለን።

ለምን እንዲህ እንደምል ከራሳችን ታሪክ ልጀምር።

የ2011ን ቡድን ታስታውሳላችሁ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። የሊጉ ዋንጫ በመጨረሻው ሳምንት ለመቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ እኛ የኢትዮጵያ ዋንጫን አንስተን ተጽናናን። በዚያው ክረምት ውበቱ ወደ ሰበታ ከተማ አመራ። በኛ ሀገር አሰልጣኝ ሲሄድ ግማሹ ቡድን ተከትሎት መሄዱ የተለመደ ነው። ያኔ ግን የቡድኑ አከርካሪ ጎንደር ቀረ። ሥዩም ከበደ ሲመጣ የተረከበው የሚተዋወቅ ቡድን ነው። በረኛው ማሊያዊው ሳማኬ፣ ከፊቱ ያሬድ ባየ፣ መሀል ላይ ሱራፌል ዳኛቸው፣ በመስመር ሽመክት ጉግሳ፣ ፊት ላይ ሙጂብ ቃሲም። 2012 ላይ ሊጉ በኮሮና ምክንያት ሲሰረዝ ሰንጠረዡን የሚመራው ፋሲል ነበር። አዝነን ነበር፤ አንዳንዱማ ዋንጫው ተቀማን ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ቡድኑ ግን አሁንም አልተበተነም። 2013 ላይ ዋንጫው መጣ።

ያን ዓመት ልብ ያልተባለ አንድ ነገር አለ። ኮከብ ግብ አግቢው የኛ ሰው አልነበረም። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሙጂብ ያገባው 20 ነው። ሆኖም ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ዋንጫው ጎንደር ገባ። እኔ በቴሌቪዥን ስከታተል ዓይኔ ኋላ ላይ ነበር። ያሬድ ኳስ ለመንጠቅ ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ተከላካይ ሳይጠራ ቦታውን ይሸፍናል፣ ሳማኬም ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ይወጣል። ማንም እጁን አያወራጭም፣ ማንም አይጮህም። ይሄ በዓመታት የመጣ ነገር ነው። ነሐሴ ላይ ተዋውቆ ጥቅምት ላይ እንዲህ የሚጫወት የተከላካይ መስመር አላየሁም።

ከዚያስ? በ2013 ክረምት ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። ለልጁ ደስ ብሎኛል፣ ማንም ቢሆን ይሄዳል። ግን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ የሚደረገው እዚህ ሊጉ ገና ሳይጀመር ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክለቡ ክረምት ላይ የሠራው ሥራ ወይም ያጠፋው ጥፋት ወዲያው መስከረም ላይ ይፈተናል፤ ለመላመድ ጊዜ የለም። ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጣን፤ ድምሩ እኩል ሆኖ ከሜዳቸው ውጪ ብዙ ያገቡት እነሱ ስለሆኑ ተሰናበትን። አልተሸነፍንም እኮ! ግን ወደቅን። 20 ጎል ያገባ ሰው በወጣበት ክረምት እንዲህ በጠባብ መውደቅ ያንገበግባል።

2014ን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፤ ዋንጫው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በዚያው ክረምት ያሬድ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ሄደ። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፣ የጎንደር ደጋፊ ሁሉ ስሜቱን ያውቃል። ውጤቱን ብቻ ልንገራችሁ፦ በቀጣዩ ዓመት የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም ባሕር ዳሮች፣ ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አለፉ፤ እኛ ከዋንጫው ፉክክር ወጣን። በአንድ ሰው ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ግን አምበልህን ለጎረቤት ሰጥተህ ክፍተቱን በሦስት አዲስ ፈራሚ እሞላለሁ ካልክ ሂሳቡ አይመጣም።

የኛ ብቻ ችግርም አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር 2010 ላይ ገና ባደገበት ዓመት ዋንጫ ወሰደ። ክረምት ሲገባ ጎል አዳኙ ኦኪኪ አፎላቢ ወደ ግብፅ፣ አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቐለ ሄዱ። ገብረመድህን በዓመቱ መቐለን ሻምፒዮን አደረገ። ጅማ ግን ወደዚያ ከፍታ ሳይመለስ 2014 ላይ ወረደ።

አሁን «የንግድ ባንክ ክለብስ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። 2016 ላይ ገና እንዳደጉ ዋንጫ በሉ። እውነት ነው። ግን ያሳደጋቸው አሰልጣኝ በፀሎት ልዑልሰገድ እዚያው ነበር። አሰልጣኙን ይዘህ አዲስ ሰው መጨመርና ከዜሮ መጀመር አንድ አይደለም።

ታዲያ ቡድን ለምን በየክረምቱ ይፈርሳል? አንዱ ምክንያት የበጀቱ ነገር ነው። በኛ ሊግ የአብዛኛው ተጫዋች ውል ሰኔ 30 ያበቃል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመትም የሚያልቀው ያኔ ነው። ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመጣ ገንዘብ ነው። አዲሱ በጀት እስኪጸድቅና እስኪለቀቅ ነባሩ ተጫዋች ስልኩን ይዞ ቁጭ ይላል። በዚህ መሀል ሌላ ክለብ ይደውልለታል። ወኪሉም አለ። «እነሱ እስኪደውሉ ምን ትጠብቃለህ?» ይባላል። ልጁ ቤተሰብ አለው፣ የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፣ ይፈርማል። እኛ ደግሞ «ከሃዲ» ብለን እንሳደባለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ውል አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ማራዘሙ ደግሞ ሰኔ ላይ ሲጀመር፣ ክለቡ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የነባሮቹ ውል መነጋገሪያ ጊዜ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር መሆን አለበት። የካቲት፣ መጋቢት ላይ። ያኔ ልጁም ልቡ አልሸፈተም፣ ዋጋውም አልናረም።

ስለ ዝግጅት ጊዜ ደግሞ። ቡድኑ ጎንደር ላይ ሲዘጋጅ ከቻልኩ ፋሲለደስ ስታዲየም ጎራ እላለሁ። አንድ ክረምት ከአንድ የከተማችን ቡድን ጋር አቋም መፈተሻ ጨዋታ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሜዳው በዝናብ ርሶ ጭቃው ታኬታ ይይዛል። አዲስ የመጣው የግራ ተከላካይ ፈጣን ነው፣ መስመሩን ይዞ ሽቅብ ይሮጣል። ኳስ የያዘው አማካይ አላየውም። ልጁ ተመለሰ። እንደገና ሮጠ፤ አሁንም ኳሱ ወደ ሌላ ወገን ሄደ። ሦስተኛው ላይ መሮጡን ተወው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። አጠገቤ የነበሩ ልጆች «ይሄ ሰነፍ ነው፣ ለምን አመጡት» ማለት ጀመሩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ኳስ የሚያቀብለው ሰው ሩጫውን ገና አልለመደውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ፈራሚን በአቋም መፈተሻ ጨዋታ መፍረድ ትቻለሁ። የማየው ማን ከማን ጋር ያወራል የሚለውን ነው። ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ አዲሶቹ ለብቻ፣ ነባሮቹ ለብቻ ከቆሙ ቡድኑ ገና ነው።

ሌላው በሊጋችን መረሳት የሌለበት፣ ከ2013 ጀምሮ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄዱ ነው። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር። እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች ቡድናችንን በቴሌቪዥን ነው የምናየው። ይሄ የተጫዋች ምርጫውን ይቀይረዋል። ተጫዋቹ ሳምንታትን ሆቴል ውስጥ ያሳልፋል፣ ጨዋታዎቹ ይቀራረባሉ። 11 ጥሩ ልጅ ይዘህ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሳ ከሌለህ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ስልሳኛው ደቂቃ ሲደርስ ያልቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ እዚህ ክረምት ላይ በብርድ ብቻ የተዘጋጀ ቡድን እዚያ ሲወርድ ትንፋሽ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ የዝግጅቱ ግማሽ ቆላ ቢሆን እመርጣለሁ።

በረኛ ላይ ያለኝ ሐሳብ ብዙ ሰው አይወደውም። ሳማኬን ወድጄዋለሁ። የሊጉ ትልልቅ ክለቦችም ለዓመታት በውጭ በረኛ ነው የኖሩት፤ ጊዮርጊስ በኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ፣ መቐለ በኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ። ግን የውጭ በረኛ ሲመጣ የኛው ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በረኛ ደግሞ ሳይጫወት አያድግም። የሚመጣው ሰው በግልጽ የሚበልጥ ካልሆነ፣ «የውጭ ነው» ተብሎ ብቻ መፈረም የለበትም። ገንዘቡ ለመሀል ተከላካይ ይሻላል።

ስለ ተስፋ ቡድኑ አጠር ላድርገው። ማራኪ ሰፈር፣ አዘዞ፣ ጎንደር ውስጥ የትም ሂድ፣ ኳስ የሚችል ልጅ ሞልቷል። ዋናው ቡድን ውስጥ ለቁጥር ማሟያ ከሚመዘገቡ ሁለት ልጆች ይልቅ ደቂቃ የሚሰጠው አንድ ልጅ ይሻለኛል።

እና ጥያቄህን በቀጥታ ልመልስ። የዛሬን ስም አልዘረዝርም፤ ምዝገባው እስኪዘጋ ዝርዝሩ ሲለዋወጥ ነው የሚከርመው። በቦታ ግን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት አብረው ብዙ ጨዋታ ያደረጉት ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ይያዙ፣ አንዱ ሊሄድ ከሆነ ሌላው በምንም ዋጋ ይቅር። ተከላካይ አማካዩ ይቅር። መስመር ላይ ያሉት ቢቀየሩ አልጨነቅም፤ ክንፍ ላይ አዲስ ሰው ቶሎ ይላመዳል። አጥቂ ይፈረም፣ ግን አንድ። ሦስት አጥቂ አስፈርሞ ማን ይሰለፍ እያሉ እስከ ታኅሣሥ መሞከር ስንት ቡድን በልቷል። ሙጂብ ራሱ ተከላካይም ሆኖ የተጫወተ ሰው እንደነበር አትርሱ። አንዳንዴ የምትፈልገው ሰው ካምፕህ ውስጥ ነው፣ አሰልጣኙ ነው ማየት ያለበት።

«የዋንጫው ዘመን ልጆች ይመለሱ» የሚሉም አሉ። ፍቅሩ ይገባኛል። ነገር ግን ውበቱም 2016 ላይ ተመልሶ ነበር፤ ዋንጫው አብሮት አልመጣም። የድሮ ተጫዋች ዕድሜው፣ ጉዳቱና አሁን ያለበት አቋም ታይቶ እንደማንኛውም ፈራሚ ይመዘን። ናፍቆት ብቻውን ፊርማ አይሰጠው።